ዱቡሻው ላይ

ትናንት ከአርባ ምንጭ ወደ ዶርዜ ወጥቼ ነበር። የቆላውን ሙቀት ትቼ ስደርስ ጉሙ ገና አልተገፈፈም።

አንድ ዱቡሻ አገኘሁና ቁጭ አልኩ። ዱቡሻ የጋሞ ሽማግሌዎች የሚመክሩበት፣ የተጣላ የሚታረቅበት አደባባይ ነው። የድንጋዩ መቀመጫ ሰው ብዙ ስለተቀመጠበት ለስልሷል። ሣሩ አጭር ነው፤ ዙሪያውን ትልልቅ ጽዶች ቆመዋል።

አንድ አባት "ልጄ፣ ድንጋዩ ይበርድሻል፤ ተነሺ" ብለው ጋቢያቸውን አነጠፉልኝ።

እዚያው ሆኜ መስከረም 2011 ትዝ አለኝ። አርባ ምንጭ ላይ ወጣቱ በቁጣ ሲወጣ የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው፣ ተንበርክከው መለሱት። ያ ሥርዓት የኖረው እንዲህ ባለ ሜዳ ላይ ነው።

ከተማ ውስጥ ፓርክ ሲሠራ ግን ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚታሰበው አጥርና ንጣፍ ነው። ነባር ዛፍ ተቆርጦ ችግኝ ሲተከል ሳይ በጣም ያመኛል። ዱቡሻን ያበጁትን ሰዎች አርክቴክት ብለን ጠርተናቸው አናውቅም። ጥላው የት እንደሚያርፍ፣ ሰው የት እንደሚቀመጥ ግን አስበውበታል።

እናንተ ሰፈር ሰው የሚመክርበት የቆየ ዛፍ ወይም ሜዳ አለ? ዛሬስ ማን ይቀመጥበታል? ፎቶ ካላችሁ ከታች ለጥፉልኝ።