በኪራይ አውቶሞቢል ወደ ራቬና

የኢጣሊያን ጥንታዊ ከተሞች በባቡር የሚጎበኝ መንገደኛ ከተማውን ያያል፤ የከተማውን ዙሪያ ግን ሳያየው ያልፋል። ስለዚህ አንዳንዱ በቦሎኛ አውቶሞቢል ተከራይቶ ከ70 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆነውን ሜዳ አቋርጦ ወደ ራቬና ይወርዳል። አከራዩም አውቶሞቢሉን ከማስረከቡ በፊት የመንጃ ፈቃዱን ይመረምራል፤ ቤንዚኑን ሞልቶ ይሰጣል፥ ሞልቶ እንዲመለስለትም ያዋውላል፤ በላዩ ያለውንም ጭረት ሁሉ በወረቀት ይጽፋል። ይኸውም ተከራይ በሌላው ጥፋት እንዳይጠየቅ፥ የራሱንም ጥፋት በሌላው እንዳያላክክ ነው።

ራቬና የደረሰ ሰው አስቀድሞ የሚማረው ከአውቶሞቢሉ መውረድን ነው። ወደ አሮጌው ከተማ ያለ ፈቃድ በአውቶሞቢል መግባት ክልክል ነው፤ በመግቢያው ያለው ካሜራ የሰሌዳውን ቁጥር ያነሣል፥ ቅጣቱም ከብዙ ወራት በኋላ በአከራዩ በኩል እስከ አገሩ ይከተለዋል። ስለዚህ አስተዋይ መንገደኛ አውቶሞቢሉን በውጭ አቁሞ በእግሩ ይገባል። ንጉሠ ነገሥት ሆኖሪዮስ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ402 መናገሻውን ከሚላኖ ወደዚህ አዛውሮ ነበርና፥ ይህ ለከተማይቱ የሚገባ ክብር ነው።

የጎቶች ንጉሥ ቴዎዶሪክ ከተማይቱን በ493 ያዘ፤ እርሱም አርዮሳዊ ነበረ። ያሠራው ቤተ ክርስቲያን ዛሬ ቅዱስ አፖሊናሬ ኑዎቮ ይባላል። በግድግዳው ላይ በጥቃቅን የብርጭቆና የድንጋይ ስባሪ የተሠራ የቤተ መንግሥት ሥዕል አለ፤ በዓምዶቹም መካከል ሰዎች ተሥለው ነበር። በ540 የቁስጥንጥንያ ሠራዊት ከተማይቱን ከያዘ በኋላ ግን ሰዎቹ ተፍቀው በስፍራቸው መጋረጃ ተሣለ። ነገር ግን በአንዳንዱ ዓምድ ላይ፥ ሰውነቱ ጠፍቶ፥ እጅ ብቻ ቀርቶ እስከ ዛሬ ይታያል።

የኒቅያን ጉባኤ ሃይማኖት የያዘ ሰው በዚህ ሥዕል ፊት ሲቆም ሁለት አሳብ ያድርበታል። የስሕተቱ መወገድ ደስ ያሰኘዋል፤ እጆቹን ሲያይ ግን ዝም ይላል። ክፉ ትምህርት በቃል ይረታል፤ የነበረን ሰው ግን እንዳልነበረ ማድረግ ለመዶሻም ለመጋረጃም አልተቻለም።

በፊት ለፊቱ ግድግዳ ደግሞ የክላሴ ወደብ ከነመርከቦቹ ተሥሏል። ያን ወደብ ለማየት መንገደኛው ወደ አውቶሞቢሉ ተመልሶ ወደ ደቡብ ጥቂት ኪሎ ሜትር ይነዳል፤ ነገር ግን ባሕር አያገኝም። ደለል ወደቡን ደፍኖታል፥ ባሕሩም ሸሽቷል፤ መርከብ ይቆምበት የነበረው ስፍራ ደረቅ ሜዳ ሆኗል። በሜዳው ላይ በ549 የተቀደሰው የቅዱስ አፖሊናሬ ቤተ ክርስቲያን ቆሟል። በመቅደሱ ላይ ደብረ ታቦር ተሥሏል፤ ሙሴና ኤልያስ ከደመና ይታያሉ፥ ክብረ መለኮቱ በከዋክብት መካከል ባለ መስቀል ተመስሏል፥ ጴጥሮስ ያዕቆብና ዮሐንስም ሦስት በጎች ሆነው ቀና ብለው ያያሉ። ወደቡ ሲጠፋ ይህ ቀረ።

ወደ ከተማው ሲመለሱ ከአሮጌው ቅጥር ውጭ የቴዎዶሪክ መቃብር ይገኛል። ክዳኑ ከባሕር ማዶ ከኢስትሪያ የመጣ፥ ከ200 ቶን በላይ የሚመዝን አንድ ድንጋይ ነው። ንጉሡ በ526 ሞተ፤ በውስጡ ያለው የቀይ ድንጋይ ገንዳ ግን ባዶ ነው።

ቴዎዶሪክ ከተማይቱን 33 ዓመት ሲገዛ ርስቱ መስላው ነበር፤ ኪራይ ኖራለች። ያስነቀሉትም ወራሾቹ እንደ እርሱ ተከራይተው ሄዱ። በግድግዳው ላይ የቀሩት እጆች ግን ከእነርሱ በኋላ ለሚመጣው ሁሉ እንደ ተጻፈ ጭረት ናቸው፤ የማን ጥፋት እንደ ሆነ ይናገራሉ፥ የሚያያቸውም ሰው ምን ትቶ እንደሚሄድ ይጠይቁታል።