ስለ ዝሆኔ በሽታና ስለ ዘር ሐሜት

የእኅቴ ልጅ ታጭታ ሳለች የአባትዋ እግር ያበጠ መሆኑ ቢሰማ፥ ሽማግሌ የላኩት ሰዎች «የዝሆኔ ዘር አለባት» ብለው ጋብቻውን አፈረሱት። ይህ ነገር በብዙ ቤት የሚደርስ ስለ ሆነ፥ እውነቱን ለአንባቢዎች መግለጽ ተገቢ ሆኖ ታየኝ።

ፖዶኮኒዮሲስ የሚባለው ዝሆኔ የሚመጣው ከዘርና ከመሬት በአንድነት ነው። በደጋ አገር በባዶ እግሩ የሚሄድ ሰው፥ የቀዩ አፈር ረቂቅ ትቢያ በቆዳው ገብቶ ሊምፍ የሚባለው ፈሳሽ የሚሄድበትን ሥር እያቈሰለ ይዘጋበታል። ነገር ግን በአንድ እርሻ ከሚውሉት ሰዎች አንዱ ሲታመም ሌላው በደኅና ይኖራል። በ2004 ዓመተ ምሕረት የታተመ ምርመራ በደቡብ ኢትዮጵያ 194 ሕሙማንን ከ203 ጤነኞች ጋር አስተያይቶ፥ ለበሽታው መመቸት ሰውነት ባዕድ ነገርን ከሚለይበት፥ ከወላጅ ከሚወረሰው ጠባይ ጋር የተያያዘ መሆኑን አሳየ።

ይሁን እንጂ ውርሱ ብቻውን እግርን አያሳብጥም፤ አፈሩም ይፈልጋል። ከሰው ወደ ሰውም አይጋባም። ከልጅነት ጀምሮ ጫማ ማድረግና እግርን በሳሙና መታጠብ ይከለክለዋል።

እንግዲህ የሙሽራዪቱን ዘር ከመቍጠር፥ ለሚወለዱት ልጆች ጫማ መግዛት ይበልጣል።