«የቱን ፍሬምወርክ ልማር?» ለሚሉ ወንድሞችና እህቶች



ዌብሳይት መስራት የጀመሩ ወጣቶች ደጋግመው የሚጠይቁን ጥያቄ አለ፤ «ሪአክት ልማር፣ ቪዩ ወይስ አንጉላር?» እኛ በዚሁ ሙያ የምንተዳደር አራት ጓደኛሞች ነን። አዲስ ስራ በመጣ ቁጥር በየትኛው እንስራው ብለን ሳንከራከር ጀምረን አናውቅም። ከክርክሩ ያተረፍነውን እናካፍላችሁ።

መጀመሪያ ነገሩን እናቅልለው። የዌብ ገጽ መሰረቱ ኤችቲኤምኤል፣ ሲኤስኤስ እና ጃቫስክሪፕት ነው። ፍሬምወርክ የሚባለው በነዚህ ላይ የተሰራ ስራ ማቅለያ ነው። ለምሳሌ ገዢው አንድ እቃ ሲመርጥ ላይ ያለው የእቃ ብዛትም ታች ያለው ሂሳብም አብረው መለወጥ አለባቸው። ይህን አንድ በአንድ እየተከታተሉ በእጅ መጻፍ፣ ገጹ እየሰፋ ሲሄድ ራስ ያዞራል። ፍሬምወርኩ ግን መረጃው ሲለወጥ ገጹን አብሮ ያስተካክላል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ይህ ስራ ፍሬምወርክ ያስፈልገዋል ወይ?» የሚለው ነው። አድራሻ፣ ስልክ፣ የስራ ሰዓትና ጥቂት ፎቶ ብቻ ለሚያሳይ ሱቅ ተራ ኤችቲኤምኤል ይበቃዋል። ዝንብ ለመግደል መዶሻ አይነሳም።

ሁለተኛው ጥያቄ «ገጹን የሚከፍተው ማነው?» ነው። አብዛኛው ሰው የሚከፍተው በስልክ ነው፤ ያውም በቆየ ስልክና ተቆጥሮ በተገዛ ዳታ። የፍሬምወርኩ ኮድም ከዚያው ዳታ ላይ ይቆረጣል። እዚህ ላይ ልዩነት አለ። ፕሪአክት የሪአክትን አሰራር ይዞ 3 ኪሎባይት ገደማ ብቻ ነው። ስቬልት ደግሞ አብዛኛውን ስራ ኮዱ ሲዘጋጅ ስለሚጨርስ ለትንሽ ገጽ ቀላል ይሆናል። ነገር ግን ሚዛኑን አንርሳ። የፊደሎቻችን ቁጥር ብዙ ስለሆነ አንድ የአማርኛ ፎንት ብቻውን መቶዎች ኪሎባይት ሊደርስ ይችላል። አንዴ እኛ ስለጥቂት ኪሎባይት ስንከራከር ደንበኛው የላከልን አንድ ፎቶ ብቻውን ብዙ ሜጋባይት ሆኖ አገኘነው። ፎቶውን ማሳነስ ከክርክራችን ሁሉ በላይ ገጹን አፈጠነው።

ሶስተኛው ጥያቄ «ነገ ምን ይሆናል?» ነው። ጎግል በ2010 ያወጣው አንጉላርጄኤስ በጊዜው የብዙዎች ምርጫ ነበር። በ2016 አዲሱ አንጉላር ሲመጣ ግን አሰራሩ ስለተለየ ብዙዎች ኮዳቸውን እንደ አዲስ መጻፍ ነበረባቸው። የድሮው ድጋፍም በ2021 መጨረሻ ቆመ። የቪዩ ሁለተኛ እትም ድጋፍም በ2023 መጨረሻ አበቃ። በ2013 ይፋ የሆነው ሪአክት እስካሁን በሰፊው ይሰራበታል፤ የአጻጻፍ ልማዱ ግን ከ2019 ወዲህ ብዙ ተለውጧል። ፍሬምወርክ ይመጣል፣ ይሄዳል። ጃቫስክሪፕትን በደንብ ያወቀ ሰው ግን ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሻገር ብዙ አይቸገርም።

አራተኛውና ለኛ ከባዱ ጥያቄ «ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል?» የሚለው ነው። ለአንድ ትምህርት ቤት የምዝገባ ገጽ ስንሰራ አንዱ ወንድማችን በስቬልት እንስራው አለ። ኮዱ ያጥራል፣ ገጹም ይቀላል ያለው እውነት ነበር። ችግሩ ስቬልትን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር፤ ወደ ዱባይ ለመሄድም ጉዳዩን ጀምሯል። ስለዚህ ሶስታችን የምናውቀውን ቪዩን መረጥን። እሱ ቅር ብሎት «ሁሌ የምናውቀውን ብቻ ከያዝን መቼ ነው የምንማረው?» አለን። ጥያቄው ተገቢ ነው። ከዚያ ወዲህ የተስማማንበት ይህ ነው፦ የደንበኛን ስራ ቢያንስ ሁለታችን በምንችለው እንሰራለን፤ አዲሱን ደግሞ በራሳችን ትንንሽ ስራ ላይ እንሞክረዋለን። የሰው ስራ አማና ነው፤ መለማመጃ አይደለም። ዛሬ ያ ወንድማችን ዱባይ ነው። ትምህርት ቤቱ ምዝገባ ሲደርስ ፎርሙ ላይ የሚጨመር ነገር አያጣም፤ ከቀረነው አንዳችን ከፍተን እናስተካክላለን።

ተቀጥራችሁ ለመስራት ለምታስቡ ደግሞ፣ በስራ ማስታወቂያ ላይ በብዛት የሚጠየቀው ሪአክት መሆኑን እወቁ። ይህም ተገቢ ምክንያት ነው። ግን ምርጫው ከጃቫስክሪፕት በፊት አይምጣ። መጀመሪያ ያለ ምንም ፍሬምወርክ አንድ ሙሉ ገጽ ስሩ። ከዚያ አንዱን ያዙና አንድ ስራ እስከ መጨረሻው አድርሱበት። ሶስት ፍሬምወርክ ጀምሮ አንድም ገጽ ካላስረከበ ይልቅ፣ በአንዱ ሰርቶ ያስረከበ ሰው ብዙ ያውቃል።

እናንተስ በየትኛው እየሰራችሁ ነው? ለምን መረጣችሁት? ጻፉልን። አላህ ይወፍቃችሁ።