ጥቁሩ ማዕዘን

በጊፋታ ማግሥት ተበላ፣ ሁምቦ ተራራ ሥር፣ ቤተ ዘመዱን አሰልፌ ፎቶግራፍ አነሣሁ። አክስቴ እንደ ልማዷ መጨረሻ ዳር ቆመች። እኔ ደግሞ ለጉራዬ በ24 ሚሊሜትር ሌንስ ላይ ሁለት ፊልተር ደርቤያለሁ። ፊልሙ ሲታጠብ፣ ከ2006 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ከጉቶው እንዲያገግም የተደረገው ደን አምሮበታል፤ አራቱ ማዕዘን ግን ጨልሟል።

«እኔስ የታለሁ?» አለች አክስቴ። ምን ልበላት?

ነገሩ እንዲህ ነው፤ ሰፊ ሌንስ ጎኑን ስለሚያይ የፊልተሩን ጠርዝ ጭምር ያያል። የካሜራው ማያ ደግሞ ብዙ ጊዜ ዳር ዳሩን ስለማያሳይ ጉዱን ይደብቃል። መድኃኒቱ አንድ ፊልተር ብቻ፣ ያውም ቀለበቱ ስስ የሆነ፤ አለዚያ በማስፊያ ቀለበት ሰፋ ያለ ፊልተር መግጠም ነው።

ለከርሞ ጊፋታ ፊልተሩን ፈትቼ፣ ከመሀሉ በፊት ዳሩን አያለሁ።