ልጆቻችን «አቮዳ አለብኝ» ሲሉን

ልጆቻችን ከመኺና ወይም ከሚክላላ ሲመለሱ «አቮዳ አለብኝ» ይላሉ። ለብዙዎቻችን «አቮዳ» ማለት የፋብሪካ ፈረቃ፣ የጽዳት ወይም የጥበቃ ሥራ ነው። ስለዚህ አንዳንድ ወላጅ ልጁ የሌሊት ሥራ የያዘ መስሎት «ትምህርቱስ?» ብሎ ሲቆጣ ሰምተናል። ተማሪ ሲናገረው ግን «አቮዳ» በጽሑፍ የሚቀርብ ጥናት ነው። ዕብራይስጡ ለሁለቱም አንድ ቃል መስጠቱ አልተሳሳተም፤ ሁለቱም ወገብ ያጎብጣሉ።

እኛ በሰፈራችን መትናስ ማታ ማታ እየተሰበሰብን እነዚህን ተማሪዎች የምንረዳ ጥቂት ሰዎች ነን። ግማሾቻችን እዚሁ አድገን የተማርን፣ ግማሾቻችን በኢትዮጵያ መምህራን የነበርን ነን። ውድ ወላጆች፣ በተለይም አገሪቱ ከገባችሁ ገና ጥቂት ዓመት የሆናችሁ፣ ያየነውን ብንነግራችሁ ይጠቅማል ብለን ይህን ጻፍን።

ሰው ሁሉ የልጆቻችን ችግር የቋንቋ ብቻ ይመስለዋል። እኛ እንዳየነው ግን የመጀመሪያው ችግር ጥያቄ መምረጥ ነው። ተማሪው መጥቶ «ስለ ቤተ እስራኤል ልጽፍ ነው» ይለናል። ይህ ባሕር ነው፤ በአሥራ አምስት ገጽ አይቀዳም። «ከዚያ ውስጥ የቱን?» እንለዋለን። «ስለ ስግድ» ይላል። አሁንም ሰፊ ነው። እንዲህ እያልን ስንወርድ አንድ ማታ ያልቃል፤ በመጨረሻ «ክኔሴት በ2008 እ.ኤ.አ. ስግድን በሕግ የአገር በዓል ካደረገው ወዲህ በእኛ ከተማ አከባበሩ ምን ተለወጠ?» የሚል ጥያቄ ይዞ ይሄዳል። ይህ ሰው ጠይቆ፣ ጽሑፍ አንብቦ መልስ የሚገኝለት ነገር ነው።

ሁለተኛው ችግር መገልበጥ ነው፤ እዚህ ላይ ወላጆች እንዲረዱን እንፈልጋለን። በአገራችን የነበረው ትምህርት የሊቅን ቃል ሳይለውጡ በቃል መያዝን ያስከብር ነበር። የአስተማሪን ቃል በራስ ቃል መለወጥ ድፍረት ነበር። እዚህ ግን ከመጽሐፍ ላይ አንድ አንቀጽ እንዳለ ገልብጦ የማን እንደሆነ ሳይናገር ያቀረበ ተማሪ እንደ ሌባ ይቆጠራል፤ ለዲሲፕሊን ኮሚቴም ሊቀርብ ይችላል። ልጁ ያደረገው በክፋት ላይሆን ይችላል፤ ኮሚቴው ግን ይህን ምክንያት ላይቀበል ይችላል።

እኛ ያገኘነው መድኃኒት ቀላል ነው። ተማሪው ያነበበውን ምዕራፍ ይዘጋና ቡና ሲፈላ ለእናቱ በአማርኛ ይነግራታል። እናትየው ካልገባት ትጠይቀው፤ ደግሞ ያስረዳት። ከዚያ በኋላ ከአፉ የወጣውን በዕብራይስጥ ይጻፈው። ለዚህ ዕብራይስጥ ማንበብ አያስፈልግም፤ «አልገባኝም» ማለት ብቻ ይበቃል። ይህን የምታደርግ እናት ከእኛ ከሁላችን የበለጠ አስተማሪ ናት።

ምንጭ መጥቀስ ደግሞ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ሽማግሌ ፊት የቆመ ሰው «እንዲህ ሆነ» ቢል «አይተህ ነው ወይስ ሰምተህ? ከማን ሰማህ?» ይባላል። የግርጌ ማስታወሻ ማለት ይኸው ነው፤ ምስክር መጥራት። ጄምስ ብሩስ የተባለው የስኮትላንድ መንገደኛ በ1770 እ.ኤ.አ. ጎንደር ደርሶ ስለ አባቶቻችን ጽፏል፤ መጽሐፉም በ1790 ታትሟል። በጊዜው ስላየው ሲናገር የዓይን ምስክር ነው፤ ስለ ጥንት ነገሥታት የጻፈው ግን ከሌሎች ያገኘውን ነው። ተማሪው ይህን መለየት ከቻለ ግማሹን ሥራ ጨርሷል።

ዛሬ ዛሬ ደግሞ በስልክ ሲጠየቅ ሙሉ ገጽ የሚጽፍ ሰው ሠራሽ አእምሮ መጥቷል። አንዱ ተማሪ ከዚያ ያገኘውን የመጽሐፍ ስም ይዞ መጣ፤ ደራሲውም፣ ዓመቱም፣ ገጹም አለ። ከቤት ሆኖ በነፃ ሊፈተሽ በሚችለው በብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት መዝገብ ፈለግነው፣ የለም። ሌላም ቦታ ፈለግን፣ የለም። መጽሐፉ ጨርሶ አልተጻፈም። እንዲህ ያለ ምስክር ሽማግሌ ፊት ቢቀርብ ምን እንደሚደርስበት እናንተው ታውቃላችሁ።

ስለ አንዲት ተማሪ ብንነግራችሁ ደስ ይለናል። በሱዳን በኩል ስለመጡት ሴቶች ልትጽፍ አያቷን ጠየቀች። አያቷ «በሰባ ስድስት ክረምቱ ሳይገባ ወጣን፤ ክረምቱን ካምፕ ውስጥ ከረምን» አሏት። ልጅቱም 1976 ብላ ጻፈች። አስተማሪው ቁጥሩን በቀይ ከቦ «የሙሴ ዘመቻ በ1984 ነው፤ ይህ ሊሆን አይችልም» ብሎ መለሰላት። ልጅቱ አዘነች። «አያቴ ተሳስታለች፣ እሷን አውጥቼ መጻሕፍቱን ብቻ ላስገባ» አለችን።

አብረን ቁጭ ብለን ቆጠርን። በኢትዮጵያ አቆጣጠር 1976 ዓ.ም. ማለት እ.ኤ.አ. ከመስከረም 1983 እስከ መስከረም 1984 ነው። የሙሴ ዘመቻ የተጀመረው በኅዳር 1984፣ ማለት በእኛ በ1977 ነው። ክረምቱ ሳይገባ ከወጡ፣ ክረምቱን በካምፕ ካሳለፉ፣ ከዚያም አውሮፕላኑ ከመጣ አንዲት ወር የተሳሳተች የለችም። ፊደል ያልቆጠሩት አያት ከቀዩ ቀለም ይልቅ ትክክል ነበሩ። ልጅቱ ደግማ ሄዳ ጠየቀቻቸው። በዚህ ጊዜ በዚያ ክረምት በካምፑ የቀበሯቸውን የሁለት ልጆቻቸውን ስም ነገሯት፤ በቤቱ ውስጥ ከዚያ በፊት ተነግሮ አያውቅም ነበር። በመንገድና በካምፕ ወደ 4,000 የሚሆኑ ወገኖቻችን እንዳለቁ ይነገራል፤ ከእነዚያ የሁለቱ ስም አሁን በአንድ ተማሪ ጽሑፍ ላይ አለ። አስተማሪው የዘመን አቆጣጠሩን ማስታወሻ ካነበበ በኋላ ለክፍሉ እንድታስረዳ አደረጋት።

ስለዚህ ልጃችሁ ስልኩን ለመቅረጫ ይዞ አጠገባችሁ ሲቀመጥ «ምን ያደርግልሃል» አትበሉት። ዓመቱን በየትኛው አቆጣጠር እንደምትናገሩ፣ የመንደሩን ስም፣ አብሯችሁ የነበረውን ሰው ጨምራችሁ ንገሩት። እንዲጻፍ የማትፈልጉት ነገር ካለም «ይህን አትጻፍ» በሉት፤ መብታችሁ ነው፣ እሱም ማክበር አለበት። በሳምንት ሁለት ማታ መትናስ ውስጥ እንገኛለን፤ ወላጅም ከልጁ ጋር ቢመጣ ቡናው አይጠፋም።