የዘለልናት መስመር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ተሳላሚዎች፤ ከቅዳሴ በኋላ በዴር ሡልጣን ግቢ አረፍ ስትሉ «አባታችን፣ ከመመንኰስዎ በፊት ሥራዎ ምን ነበረ?» እያላችሁ ትጠይቁናላችሁ። በቅኔ ቤት መዋላችንን እንነግራችኋለን፤ የቀረውን ግን ዘለን እናልፈዋለን። ዛሬ ሳንዘል እንጻፈው፤ እኛ በብቸና ከተማ ቡና የሚጠጣባትና ጋዜጣ የሚነበብባት አንዲት ጠባብ ቤት ነበረችን።

በዲማ ጊዮርጊስ ከጉባኤው ሳንለይ ብዙ ዓመት ከቆየን በኋላ አባታችን ዐረፉ፤ እናታችን ብቻቸውን ስለ ቀሩ ወደ እርሳቸው ተመለስን። እርሳቸው ቡናውን ያዙ፣ እኛ ጋዜጣውን ያዝን። ዘመኑ በ1985 ዓ.ም. የፕሬስ ነፃነት አዋጅ ከወጣ በኋላ ስለ ነበረ፣ ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ በሚታተመው በአዲስ ዘመን አጠገብ ሌሎች ጋዜጦችና መጽሔቶች ተደረደሩ። ሁሉም ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ተጭነው፣ የዓባይን በረሃ ወርደውና ወደ ደጀን ወጥተው ነበር የሚደርሱልን። የጋዜጣው ቀን ዘወትር ከእኛ ቀን ወደ ኋላ የቀረ ነበረ፤ ስለዚህ ግን ያጉረመረመ አልነበረም።

ነፋስ እንዳይወስዳቸው በየጋዜጣው ላይ ድንጋይ እንጭን ነበር። የሚገዛው ጥቂት፣ ጥቂት ሳንቲም ከፍሎ አንብቦ የሚመልሰው ብዙ ነበረ። ፊደል ላልቆጠሩት እኛው ድምፃችንን ከፍ አድርገን እናነብላቸው ነበር። ያረጀው ጋዜጣ ቆሎ መጠቅለያ ይሆናል፤ ወይም በየሰው ቤት ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። በጾም ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጀበናው አይጣድም፤ ሰው ግን ለወሬው ሲል ይመጣል።

እናታችን አንድ ሥርዓት ነበራቸው። አቦል ሳይቀዳ ክፉ ወሬ አይነበብም፤ በረካ ሳይጠጣም ማንም አይነሣም። ምክንያቱን ስንጠይቃቸው «ክፉ የሰማ ሰው ሦስት ስኒ እስኪጠጣ ድረስ ብቻውን አይሆንም» ይሉን ነበር። እኛ ይህን እንደ ሴቶች ልማድ እንጂ እንደ ትምህርት አልቈጠርነውም።

በግንቦት 1990 ዓ.ም. የድንበሩ ጦርነት ተጀመረ። ልጃቸው የዘመተባቸው አንዲት እናት ጋዜጣ በመጣ ቍጥር እየመጡ «ልጄ፣ ስለ ድንበሩ ምን ይላል?» ይሉን ነበር። በየካቲት 1991 ዓ.ም. ባድመ መያዙን የሚናገር ጋዜጣ ደረሰን። የድሉን ዜና አነበብንላቸው። ከሥሩ በውጊያው ብዙ ሰው መውደቁን የምትናገር አንዲት መስመር ነበረች፤ ፊታቸውን አይተን ዘለልናት። እርሳቸውም እልል ብለው ተነሡ፤ በሳምንቱ ስለ ልጃቸው ደኅንነት ጠበል ጸዲቅ አዘጋጅተው ጎረቤቱን ጠሩ። እኛም ሄደን በላን።

መርዶው ከብዙ ጊዜ በኋላ መጣ። አርባው ካለፈ በኋላ ወደ ቤታችን መጥተው በቦታቸው ተቀመጡና እንዲህ አሉን፤ «ልጄ፣ ያን ዕለት የዘለልኸው ነገር ነበረ። ፊደል ባላውቅ ንባብህን ዐውቃለሁ። እንደ ሰጋር በቅሎ የሚሄደው ንባብህ ያን ቀን አነከሰ። ብታነበው ኖሮ ስደግስ አልሰነብትም ነበር፤ ቆሜ እጸልይ ነበር።» ሌላ ቃል አልጨመሩም። ቡናቸውን እስከ በረካ ጠጥተው ሄዱ።

የራራንላቸው መስሎን ነበር። የጸሎታቸውን ጊዜ እንደ ወሰድንባቸው ያን ቀን ዐወቅን። ለእርሳቸው መቅረት የነበረበት ብቸኝነቱ እንጂ ወሬው አልነበረም፤ እናታችንም ያን ሁሉ ዓመት በስኒ ያስተምሩን የነበረው ይህንኑ ነበረ።

እናታችን ካረፉ በኋላ ቤቱን ዘግተን መነኰስን፤ ቡናም ተውን። የሚቆላው ቡና ሽታ አንዳንድ ጊዜ ይናፍቀናል፤ አንክድም። ከሽታው ይልቅ የሚናፍቀን ግን ሰው ሁሉ ወሬን በአንድነት ተቀምጦ የሚሰማበት ያ አግዳሚ ወንበር ነው። ዛሬ ወሬ በየሰዉ እጅ በስልክ ይመጣል፤ ብዙ ጊዜም ሌሊት፣ አጠገብ ማንም በሌለበት ይደርሳል።

ባለፈው የትንሣኤ ሰሞን አንዲት አረጋዊት ተሳላሚ ስልካቸውን ሰጥተውን «አባታችን፣ ልጄ የላከችውን ያንብቡልኝ» አሉን። የወንድማቸው ዕረፍት ነበረ። አስቀድመን የሀገራቸውን ሰዎች ጠርተን አጠገባቸው አስቀመጥን። ከዚያም አንዲት መስመር ሳንዘል እስከ መጨረሻው አነበብን። ልባችን ተንቀጥቅጦ ነበር፤ ንባባችን ግን አላነከሰም።

ስለዚህ ልጆቻችን፣ የሚነበብ ነገር ያላችሁ ወደ እኛ ኑ፤ ብቻችሁን ግን አትምጡ። ቡናውን እናንተ አፍሉ፤ ንባቡ የእኛ ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።