እንግዳ ማሳደር፥ ከባሕር ዳር እስከ ጋፋት

በቀድሞው ዘመን መንገደኛ በመሸበት መንደር ከደጅ ቆሞ «የመሸበት የእግዜር እንግዳ» ባለ ጊዜ፥ የቤቱ እመቤት እግሩን አሳጥባ፥ ቤት ያፈራውን አቅርባ፥ መደብ አንጥፋ ታሳድረው ነበር። ስሙን የምትጠይቀውም ከበላ በኋላ ነው። ዛሬ በታላላቅ ከተሞች ሁለት መቶና ሦስት መቶ ሰው በአንድ ጣራ ሥር የሚያድርባቸው ሆቴሎች ተሠርተዋል፤ በነዚህ ቤቶች ግን ስም አስቀድሞ ይጻፋል፥ ቁልፍ በኋላ ይሰጣል። እኔም ይህን ነገር ከአስተናጋጆች ወገን ሆኜ ለማየት የቻልሁት በታኅሣሥ ወር 2011 ዓ.ም. ነው።

በዚያ ወር ስለ ዳኝነት መዝገብ አያያዝ የሚመክር ጉባኤ በባሕር ዳር፥ በጣና አጠገብ ባለ አንድ ታላቅ ሆቴል ሲደረግ፥ ጸሐፊ እንደ መሆኔ እንግዶቹን እንድመዘግብና ቃለ ጉባኤውን እንድይዝ ታዝዤ አምስት ሌሊት እዚያው አደርሁ። እንግዳ የሚያየው ሐይቁን፥ አበባውንና የተወለወለውን ወለል ነው። ለሥራ የገባ ሰው ግን በጓሮ በኩል ሌላ ከተማ ያያል። ከሌሊቱ በዐሥር ሰዓት ዳቦ ጋጋሪዎቹ እሳት ያነዳሉ፤ አንሶላ አጣቢዎቹ እስከ እኩለ ሌሊት ይሠራሉ። ወሩ የነቢያት ጾም ስለ ነበረ፥ የጿሚውን፥ የፍስኩንና የእስላሙን ምግብ ሳይነካካ የሚያወጡት የወጥ ቤቷ ኀላፊ ሴት ወይዘሮ ናቸው፤ ድስቶቹን በየወገናቸው ለይተው ጭልፋ እንኳ ከአንዱ ወደ ሌላው እንዳይሻገር ቆመው ይጠብቁ ነበር። እንዲህ ያለ ጥንቃቄ በብዙ መዝገብ ቤት አላየሁም።

ለእኔ ከሁሉ የከበደኝ የወንበር ነገር ነው። በማዕርግ እናስቀምጥ ብንል የሁሉም ማዕርግ ተቀራራቢ ሆነና ተቸገርን፤ በመጨረሻም በፊደል ተራ ይሁን ተባለ። ስለዚህ ስሙ በ«ሀ» የሚጀምር አንድ ለጋ ጸሐፊ ከፊት ተሰይሞ፥ ስማቸው በ«ጸ» የሚጀምር አንድ ሽማግሌ ዳኛ ከበሩ አጠገብ ተቀመጡ። እርሳቸውም «አባቴ ስም ሲያወጣልኝ ይህን ቢያውቅ ኖሮ» ብለው አሣቁን።

በሦስተኛው ሌሊት ግን የሚያስጨንቅ ነገር መጣ። ከእንግዶቹ አንዱ ዳኛ ሚስታቸውን ምጥ እንደ ያዛት በስልክ ተነገራቸው። በማግሥቱ ጧት የሚናገሩት እርሳቸው ነበሩ፤ ከአዘጋጆቹም አንዳንዶቹ «ስማቸው በመርሐ ግብሩ ታትሟል፤ እስከ ቀትር ቢቈዩ ምን አለበት?» አሉ። ክፉ አስበው አይደለም፤ ጉባኤ የሚያዘጋጅ ሰው ሳያውቀው እንግዳውን እንደ ራሱ ዕቃ መቍጠር ይጀምራልና። ዳኛውም ጨዋ ሰው ስለ ሆኑ ፈቃድ ለመጠየቅ አፍረው፥ ጋቢያቸውን ተከናንበው በእንግዳ መቀበያው አጠገብ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ከሁላችንም የፈጠነው የሌሊቱ ዘበኛ ነው። «ጌታዬ፥ ምን ይጠብቃሉ? የወንድሜ መኪና አለች» አላቸው። እኔም ጽሑፋቸውን ተቀብዬ በስማቸው እንደማነበው ነግሬ ሸኘኋቸው። ጽሑፉም ተነበበ፤ ቀትር ላይ ወንድ ልጅ መወለዱና እናቲቱም ደኅና መሆኗ ተሰማ። በዚያ ቀን በአዳራሹ ከተባለው ሁሉ ይልቅ ይህ ወሬ ተጨበጨበለት።

ጉባኤው በተፈጸመ ጊዜ ቅዳሜ ዕለት እንግዶቹን ጋፋትን ልናሳያቸው ወደ ደብረ ታቦር ይዘናቸው ሄድን። መንገዱ በከብቱ የታወቀውን፥ አሁን ደግሞ ሩዝ የሚታጨድበትን የፎገራን ሜዳ ያቋርጣል። ከወረታ ወደ ምሥራቅ ሲታጠፉ አገሩ እየደገደገ፥ ብርዱም እየጠና ይሄዳል። ደብረ ታቦርን የቈረቈሯት የየጁው ራስ ጉግሣ ናቸው፤ ጋፋትም ከከተማዋ አጠገብ ያለች ኮረብታ ናት። ትልቅ ሕንጻ አያለሁ ብሎ የሚሄድ ሰው ያዝናል። የጋፋት ክብር በስሟ ነው ያለው፤ የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትም በዚሁ ስም ተጠርቷል።

ጋፋት በተባለ ጊዜ ሁሉም የሚያስበው ሴባስቶፖልን ነው። አፄ ቴዎድሮስ ከስዊስ አገር ከቅሪሾና ማኅበር የመጡትን ወንጌላውያን የእጅ ሥራ ባለሙያዎች በዚህች ኮረብታ አስፍረው፥ በ1859 ዓ.ም. ሰባ ኩንታል ያህል የሚመዝነውን መድፍ አስቀለጡ፤ ከዚያም ወደ ስድስት ወር በሚሆን ጉዞ ወደ መቅደላ አስጐተቱት። መድፉ ዛሬም በመቅደላ ነው፤ ምስሉም በአዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል። እኔ ግን ያን ዕለት በጋፋት ያሰብሁት መድፉን ሳይሆን በዚያች ኮረብታ ያደሩትን እንግዶች ነበር።

ንጉሠ ነገሥቱ በ1855 ዓ.ም. ለእንግሊዝ ንግሥት የጻፉት ደብዳቤ ሳይመለስ በመቅረቱ ተቈጥተው ቆንሲሉን ካሜሮንን አስረው ነበር። በዚህ ምክንያት የሞሱሉ ተወላጅ ራሳም፥ ሐኪሙ ብላንክና የጦር መኰንኑ ፕሪዶ መልስ ይዘው በጥር 1858 ዓ.ም. ደረሱ። በመጀመሪያ በክብር ተቀበሏቸው። በኋላ ግን ተጠራጥረው አስቀሯቸው፤ በሰኔም በቆራጣ ተላላፊ በሽታ ስለ ገባ ወደ ጋፋት አመጧቸው። ንጉሡ ራሳቸው መጥተው ማረፊያቸውን አዩ፥ ምንጣፍም አስነጠፉ። ዛሬ በየትኛው ሆቴል ነው ንጉሥ ራሱ የእንግዳውን ክፍል የሚመረምረው? ነገር ግን ከጥቂት ቀን በኋላ ወደ ደብረ ታቦር ተወስደው ተጠበቁ፤ በሐምሌም በመቅደላ የእግር ብረት ገባባቸው። በንጉሡ ብቻ መፍረድ አልችልም፤ ለወዳጅነት የጻፈ ሰው ከሁለት ዓመት በላይ መልስ ሲነፈገው ምን እንደሚሰማው፥ አቤቱታው ሳይመለስለት የሚመላለስ ባለጉዳይ ያየ ጸሐፊ ሁሉ ያውቀዋል።

ይልቁንም የፍላድ ነገር ልቤን ነካው። ንጉሡ በሚያዝያ 1858 ዓ.ም. ይህን ወንጌላዊ ባለሙያ ሠራተኞችና መሣሪያ እንዲያመጣላቸው ወደ እንግሊዝ አገር ላኩት፤ ሚስቱና ልጆቹ ግን መያዣ ሆነው እዚሁ ቀሩ። ሠራተኞቹ እስከ ምጽዋ ተልከው፥ እስረኞቹ ሳይፈቱ አይገቡም ተባለ። ፍላድ ከመንገዱ ቢቀር የሚይዘው አልነበረም፤ ይዞት የሚመጣው ቃል ንጉሡን የማያስደስት መሆኑንም ያውቅ ነበር። ሆኖም በ1859 ዓ.ም. ተመልሶ ገባ፤ ከቤተ ሰቡም ጋራ የወጣው አፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ካረፉ በኋላ በ1860 ዓ.ም. ነው።

ይህን በኮረብታው ላይ ቆሜ ስተርክላቸው እንግዶቹ ዝም ብለው ሰሙ። ከጉና በኩል ነፋስ መጣ። በመጨረሻ በበሩ አጠገብ የተቀመጡት ሽማግሌ ዳኛ ፀሐዩን ቀና ብለው አይተው «በሉ ልጆቼ፥ እንውረድ፤ እኔስ ዛሬ ቤቴ ማደር እፈልጋለሁ» አሉና ከሁሉ ቀድመው ወደ መኪናው ሄዱ።